ጥያቄ ከኮዬ ፈጬ፦ ችግሩን ኤአይ ይምረጥልን?

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ። «አራት ሆነን ለትምህርት ቤታችን የፈጠራ ውድድር ፕሮጀክት እየሠራን ነው። የምንኖረው አዲስ አበባ ዳርቻ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። መምህራችን በዲዛይን ቲንኪንግ (ከሰው ፍላጎት ተነስቶ መፍትሔ በሚፈልገው ዘዴ) መንገድ ሂዱ፣ መጀመሪያ የአካባቢያችሁን እውነተኛ ችግር ለዩ አሉን። እኛም ቻትጂፒቲ የሚባለውን ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) የኮዬ ፈጬ የውሃ ችግሮች ምንድን ናቸው ብለን ጠየቅነው፣ አሥር ችግር ዘረዘረልን። ከነዚያ ውስጥ የነዋሪው የግንዛቤ እጥረት እና የውሃ መረጃ የሚሰጥ መተግበሪያ አለመኖር የሚሉትን መርጠን አፕ ልንሠራ ተነሳን። በቴሌግራም መጠይቅ በትነን አብዛኛው ሰው አፑ ቢኖር እጠቀማለሁ ብሏል። መምህራችን ግን ይሄ ችግር ሳይሆን መፍትሔ ነው ብለው መለሱብን። በኤአይ መጠቀማችን ነው ጥፋቱ? የምናስረክበው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።»

መምህራችሁ ልክ ናቸው። ኤአይ መጠቀማችሁ ግን ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ የተጠቀማችሁበት ሰዓት ላይ ነው። ሰው ከማነጋገራችሁ በፊት እሱን አነጋገራችሁ። ከዚያ እሱ የሰጣችሁን ይዛችሁ ወደ ሰው ሄዳችሁና «ይሄ ችግራችሁ ነው አይደል?» አላችሁ። ሰውም አዎ አለ። ከዚያ በኋላ የሠራችሁት ሁሉ በዚህ አዎ ላይ የቆመ ነው፤ ስለዚህ አፑን የቱንም ያህል ብታሳምሩት ዋጋ የለውም። ርዕሱን ግን አትጣሉ። ውሃ ጥሩ ርዕስ ነው፣ ሦስት ሳምንትም ይበቃል።

መጀመሪያ ቻትጂፒቲ ምን እንደሰጣችሁ እንይ። እንዲህ ያለ መሣሪያ እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተምሮ፣ ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ሊመጣ እንደሚችል እየገመተ የሚጽፍ ነው። ስለ አንድ ጉዳይ ስትጠይቁት የሚቀናው በብዛት የተጻፈውን መድገም ነው። ስለ ኢትዮጵያ ውሃ በእንግሊዝኛ ከተጻፈው ደግሞ ብዙው የእርዳታ ድርጅት ሪፖርት ነው፦ ገጠር፣ ምንጭ፣ ጄሪካን ያዘለች ልጅ፣ ረጅም መንገድ። እስቲ ዝርዝራችሁን መልሳችሁ እዩት። «ሴቶችና ልጃገረዶች ውሃ ለመቅዳት ረጅም ርቀት ይጓዛሉ» የሚል ካለበት አይግረማችሁ። እውነት ነው፣ ግን ሌላ ቦታ። ኮንዶሚኒየም ላይ ቧንቧው ቤት ውስጥ ነው። የሚቸግረው ውሃው መቼ እንደሚመጣና ሲመጣ እስከ ስንተኛ ፎቅ እንደሚወጣ ነው። ሌሊት ውሃ ሲመጣ እንድትሰማ ቧንቧውን ከፍታ ባልዲ ደቅና የምትተኛ ሴት፣ የብሎኩ ፓምፕ ሲበላሽ መዋጮውን ማን ይክፈል የሚለው ጭቅጭቅ፣ ታች ያለው ጎረቤት ሮቶውን ሲሞላ ላይ ያለው ቧንቧ አየር ብቻ ሲያፏጭ፣ እንዲህ ያለው ነገር እምብዛም አልተጻፈም። የሚወራው ደረጃ ላይ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ የብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነው። ኤአይ እዛ አልነበረም። እናንተ ግን እዛው ነው የምትኖሩት፤ እውነቱን ለመናገር የሚገርመኝም ይሄ ነው፣ እቤታችሁ ያለውን ነገር አሜሪካ ያለ ኮምፒውተር መጠየቃችሁ።

አሁን የመረጣችኋቸውን ሁለቱን ልያዝ። «የግንዛቤ እጥረት» የሚለው ሐረግ እዚህ አገር የፕሮጀክት ወረቀት ላይ ያልተሰነቀረበት ቦታ ያለ አይመስለኝም። የሚወደደው ማንም ስለማይቃወመው ነው። ክፋቱ ጥፋቱን ወረቀቱ ሲጻፍ በሌለው ሰው ላይ መጣሉ ነው። እስቲ አስቡት፣ ውሃ በስንት ቀን አንዴ ለሚያይ ሰው ስለ ቁጠባ ልታስተምሩት ነው? ልብስ ያጠበችበትን ውሃ ለሽንት ቤት የምታስቀምጥ እናት ስለ ውሃ ቁጠባ ከእናንተም ከእኔም በላይ ታውቃለች። ሰዎች የማያውቁት ነገር ሊኖር ይችላል፣ አልክድም። ግን ማን ምኑን እንደማያውቅ፣ ባለማወቁም ምን እንደደረሰበት ሰውዬውን አይታችሁ ካልተናገራችሁ በቀር ቃሉን አትጻፉት።

«የመተግበሪያ አለመኖር» ደግሞ መፍትሔን ገልብጦ ችግር ማስመሰል ነው። «የእገሌ ነገር አለመኖር» ብሎ የሚያልቅ ችግር ሁሉ ይጠርጠር። የሌለው ነገር መፍትሔው ነዋ! አፕ የለም ካላችሁ መልሱ አፕ መሥራት ብቻ ይሆናል፣ ሌላ መንገድ ሁሉ ተዘጋ። ሆርስት ሪትልና ሜልቪን ዌበር የተባሉ ምሁራን በ1973 እ.ኤ.አ. በጻፉት ጽሑፍ ስለ ማኅበራዊ ችግሮች ያነሡት ነጥብ ይሄው ነው። ችግሩን የምትገልጹበት መንገድ መፍትሔውን አስቀድሞ ይወስነዋል ይላሉ። እነሱ ያሉት ስለ ከተማ ፕላንና ስለ መንግሥት ፖሊሲ ነበር፣ ግን አንድ ብሎክ ላይም ይሠራል።

መጠይቁን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። «ቢኖር ትጠቀማለህ?» ተብሎ ተማሪ የላከው መጠይቅ ላይ እምቢ የሚል ሰው የለም። ይሉኝታ አለ፣ ልጆቹን ላበረታታ ማለት አለ። በዚያ ላይ የመለሱላችሁ ዳታ ያላቸውና ቴሌግራም ላይ የሚውሉ ናቸው። ተራ ስልክ የያዙት እማማ አልሞሉም። ሌሊት ሥራ የሚያድረው ጥበቃም አልሞላም። ስለዚህ ያንን ውጤት ሪፖርታችሁ ላይ እንደ ማስረጃ አታቅርቡት።

ሁለተኛው የተዛባ ነገር ዲዛይን ቲንኪንግ ራሱ ነው። አምስት ሳጥን ያለበትን ሥዕል ሳታዩ አትቀሩም፦ ሰውን መረዳት፣ ችግሩን መበየን፣ ሐሳብ ማፍለቅ፣ ናሙና መሥራት፣ መሞከር። ይህን አከፋፈል በሰፊው ያስለመደው አሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው ዲ ስኩል የሚባል የዲዛይን ትምህርት ተቋም ነው። ተማሪ ሲያየው የቀበሌ ፎርም ይመስለዋል፤ አንዱን ሞልቶ ወደ ቀጣዩ። ነገሩ እንደዛ አይደለም። ችግሩን መበየን የሚባለው ሁለተኛው ሳጥን የመጀመሪያው ውጤት ነው፣ ሰው ካላያችሁ የምትበይኑት ነገር በእጃችሁ የለም። አራተኛው ላይ ደርሳችሁ ወደ አንደኛው መመለስም ይኖራል፣ እሱም ውድቀት አይደለም።

ሰው ጋ መሄድ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ለማየት እዛው ስታንፎርድ በ2007 እ.ኤ.አ. የሆነውን ልንገራችሁ። ለአንድ የተማሪ ቡድን የተሰጠው የክፍል ሥራ ርካሽ ኢንኩቤተር፣ ማለትም ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ማሞቂያ መሥራት ነበር። እዛው ክፍል ቁጭ ብለው ዋጋውን ለመቀነስ ዕቃ ሲቀያይሩ መክረም ይችሉ ነበር። ከቡድኑ ሰው ኔፓል ሄዶ ሆስፒታል ሲያይ ግን ኢንኩቤተሮቹ ባዶ ናቸው። ሕፃናቱ የሉም። ብዙዎቹ የሚወለዱት ገጠር ነው፣ ሆስፒታል አይደርሱም። እዛ ላይ ጥያቄው ተቀየረ። መብራት በሌለበት መንደር ያለች እናት ልጇን በምን ታሙቀው ሆነ። ኤምብሬስ የሚባለው የመኝታ ከረጢት የሚመስል ማሞቂያ ከዚህ ጥያቄ ወጣ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ይዘው ቢቀጥሉ ርካሽ ሆኖ ባዶውን የሚቀመጥ ማሽን ነበር የሚሠሩት።

እንግዲህ ወደ ኮዬ እንመለስ። ሰፈሩን በሙሉ አትንኩት። አንድ ብሎክ ምረጡ፣ ቢቻል አንዳችሁ የምትኖሩበትን። ስድስት ሰባት ሰው በደንብ ማነጋገር መቶ መጠይቅ ከመበተን ይበልጥባችኋል። ሰዎቹ ግን የተለያዩ ይሁኑ። አራተኛ ፎቅ ያለች አባወራ የሌላት ሴት፣ ምድር ላይ ያለ ባለ ሱቅ፣ አዲስ የገባ ተከራይ፣ የብሎኩ ኮሚቴ ውስጥ ያለ ሰው፣ ጥበቃው፣ ጄሪካን በፎቅ እያወጣ የሚከፈለው ልጅ፣ የሴቶች ፀጉር ቤት ባለቤት። በተለይ ጄሪካን የሚያወጣውን ልጅ እንዳትረሱ። ለእናንተ ችግር የሆነው ለእሱ እንጀራው ነው፤ ውሃው በየቀኑ ቢመጣ ማን እንደሚጎዳ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ከሰፈሩ የድሮ ነዋሪዎች አፋን ኦሮሞ የሚቀናቸው ካሉ ቋንቋውን የሚችል ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። በአማርኛ የሚመልሱላችሁ አጠር አድርገው ነው፣ በቋንቋቸው ግን ይተርካሉ።

ስትጠይቁ ደግሞ «ችግራችሁ ምንድን ነው?» አትበሉ። የምታገኙት መልስ የታወቀ ነው። «ተመስገን ነው፣ ምን ችግር አለ ልጆቼ።» ወይም ሁለተኛው ጫፍ፣ እናንተን ከወረዳ ወይም ከድርጅት የተላኩ መዝጋቢዎች አድርገው ያላቸውን ሁሉ ይደረድሩላችኋል። ስለዚህ ገና በር ላይ «ተማሪዎች ነን፣ ለትምህርታችን ነው፣ ውሃ የማምጣት አቅም የለንም» በሉ። ከዚያ ስለሆነ ነገር ጠይቁ። መጨረሻ ውሃ የመጣው መቼ ነው? እንዴት አወቁ? ያኔ ምን ላይ ነበሩ? መጀመሪያ ምኑን ሞሉ? ማን ረዳዎት? ሳይሞላ የቀረ ነበር? «አብዛኛውን ጊዜ» ብሎ የሚጀምር መልስ ሲመጣ በእርጋታ ወደዚያች ቀን መልሱት። ሰው ስለ አንድ ቀን ሲያወራ እውነቱ ይወጣል፣ በጥቅሉ ሲያወራ ግን ዜና የሰማውን ይደግማል። ዓይናችሁም ይሥራ። ኮሪደር ላይ ስንት ጄሪካን አለ? ሮቶ ያለው ማን ነው? የፓምፑ ቁልፍ ማን ጋ ነው? ትልልቅ ሰዎችን «እርስዎ» በሉ፣ ቡና ከተጠራችሁ ቁጭ በሉ፣ ስልካችሁን አስቀምጡ። የትምህርት ቤቱ ደብዳቤም ኪሳችሁ ይኑር። ስለ መሬትና ስለ ካሳ ወሬ ከተነሳ አክብራችሁ ስሙ እንጂ አትቆስቁሱ። የሰው ቁስል ነው፣ የእናንተ ፕሮጀክትም አይሸከመውም።

ማታ ቤት ስትገቡ፣ ኤአይ ከመክፈታችሁ በፊት፣ የሰማችሁትን በእጃችሁ ጻፉ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ። ይሄን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። ቀጥታ ለመሣሪያው ከሰጣችሁት አሳምሮ ያሳጥርላችኋል፣ ሲያሳጥር የሚጥለው ደግሞ ወጣ ያለውን ነገር ነው። ለእናንተ የሚያስፈልጋችሁ ያ ወጣ ያለው ነው።

አሁን ኤአይ ይግባ። የሚጠቅምባቸው ቦታዎች አሉ፣ ትንሽም አይደሉም። ወደ ሰው ከመሄዳችሁ በፊት የጥያቄ ዝርዝራችሁን ሰጥታችሁት «ከነዚህ ውስጥ መልሱን በሰው አፍ የሚያስቀምጡት የትኞቹ ናቸው?» ብትሉት ጥሩ አድርጎ ያበጥርላችኋል። ከተመለሳችሁ በኋላ ደግሞ ማስታወሻዎቻችሁን ቁጥር ሰጥታችሁ አስገቡና እንዲህ በሉት፦ «የሚመሳሰሉትን ሰብስብ። እያንዳንዱ ስብስብ ከየትኛው ማስታወሻ እንደመጣ ቁጥሩን ጻፍ። ከማስታወሻው ውጭ ምንም አትጨምር። እርስ በርስ የሚቃረኑትን ለብቻ አውጣ።» ቁጥሩ ወሳኝ ነው፤ ያለ ቁጥር የመጣውን አትቀበሉ። የመጨረሻዋን መስመርም አትተዉ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ሁለት ሰዎች የተለያየ ነገር የተናገሩበት ቦታ ላይ ነውና። ኮሚቴው «የፈረቃው ቀን ለሁሉም ይነገራል» ካለና የአራተኛ ፎቋ ሴት «ሰምቼ አላውቅም» ካለች፣ እዛ ላይ ቁሙ።

ለማታውቁት ሳይንስም ይረዳችኋል። ለምሳሌ ውሃው ለምን ላይ ፎቅ አይደርስም? አሥር ሜትር ከፍ ለማለት ውሃ አንድ ባር ያህል ግፊት ይፈልጋል። አንዱን ፎቅ ሦስት ሜትር ብንለው አራተኛ ፎቅ ያለ ቧንቧ ከመሬት አሥራ ሦስት ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ ገና ጠብ ለማለት ብቻ ከ1.3 ባር በላይ ያስፈልገዋል። መስመር ላይ ያለው ግፊት ከዚያ ካነሰ ምድር ቤት ውሃ አለ፣ ላይ ግን የለም። ፓምፕ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፣ ፓምፕ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። ይህን በፊዚክስ መጽሐፍ ማረጋገጥ ትችላላችሁ፤ አረጋግጡም። ኤአይ የሚነግራችሁ እንዲህ ያለ ነገር ጥሩነቱ መጽሐፍ ገልጣችሁ ልትይዙት መቻላችሁ ነው።

የማይረዳችሁ ቦታ ደግሞ አለ። ስለ ኮዬ ፈጬ አኃዝ አትጠይቁት። ስንት ሰው ውሃ ያጣል፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ይመጣል ብትሉት ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ሲሰጥም አይኑን አያሽም፤ ቁጥሩ ግን ከየትም ያልመጣ ሊሆን ይችላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ቁጥር ከፈለጋችሁ ራሳችሁ ቁጠሩ፣ ወይም ደብዳቤ ይዛችሁ የሚመለከተው የውሃ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የትኛው እንደሚመለከታችሁም እዛው አጣሩ፤ አዲስ አበባና ኦሮሚያ በ2014 ዓ.ም. የወሰን ስምምነት ካደረጉ ወዲህ የከተማው ዳርቻ አስተዳደር ተነካክቷል፣ ኤአይ የድሮውን ሊነግራችሁ ይችላል።

ደግሞ አሁን አሁን የማየው ፋሽን አለ። «የኮዬ ፈጬ ነዋሪ የሆንሽ የሦስት ልጆች እናት ሁኚና ቃለ መጠይቃችንን መልሺ» ማለት። ለመለማመጃ ከሆነ ይሁን፣ አጠያየቃችሁን ትፈትሹበታላችሁ። የመለሰችላችሁ እናት ግን የለችም። ያንን ሪፖርት ውስጥ «ነዋሪ እንደነገረችን» ብላችሁ ከጻፋችሁ የፈጠራ ወሬ ነው፣ ዳኞች ባያውቁም።

አማርኛው ላይም ተጠንቀቁ። ከድሮው በጣም ተሻሽሏል፣ ግን ለዛና አሽሙር ያመልጠዋል። አንድ ሰው በምሬት «ውሃማ በሽ ነው እኛ ጋ» ብሎ ካሾፈባችሁ መሣሪያው በአገልግሎቱ የረኩ ከሚለው ስር ሊመድበው ይችላል። ስለዚህ ማስታወሻችሁ ላይ «ይሄን ያለው እየቀለደ ነው» ብላችሁ አስቀምጡ። በነፃው ስሪት የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የግዕዝ ፊደል ለነዚህ መሣሪያዎች ከላቲኑ ይልቅ በብዙ ቁራጭ እየተከፋፈለ ስለሚቆጠር ገደባችሁ ቶሎ ቢያልቅ አትደነቁ፤ ማስታወሻውን በየተራ አስገቡ።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ የለም። የሰዎቹን ስም፣ ስልክ፣ የቤት ቁጥር፣ ድምፅና ፎቶ ኤአይ ውስጥ አታስገቡ። «ነዋሪ 1፣ አራተኛ ፎቅ» ይበቃል። ብቻዋን የምትኖር ሴት ማታ ማታ በሯን ከፍታ ውሃ እንደምትጠብቅ የሚናገር ወረቀት ከስሟ ጋር የትም መዞር የለበትም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ሕግ ባይኖርም ግን ሰዎቹ ጎረቤቶቻችሁ ናቸው። ቻትጂፒቲን ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሲጠቀም የወላጅ ፈቃድ እንዲኖረው የኩባንያው ደንብ ራሱ ይጠይቃል፣ ቤት ውስጥ ተነጋገሩበት።

ችግሩን ወደ መጻፉ እንምጣ። የተለመደው አጻጻፍ ሦስት ነገር ይይዛል፦ ማን፣ ምን ያስፈልገዋል፣ ለምን። ትልቁ ነገር ሦስተኛው ነው፣ እዛ ላይ ያልጠበቃችሁትና ከሰው የሰማችሁት ነገር ካልገባ ዓረፍተ ነገሩ ባዶ ነው። ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «አራተኛ ፎቅ የሚኖሩና ሌሊት ሥራ የሌላቸው ተከራዮች ውሃ የሚመጣበትን ሌሊት ቀድመው ማወቅ ያስፈልጋቸዋል፤ ምክንያቱም መረጃው የሚደርሰው ለቤት ባለቤቶቹ ግሩፕ ነው፣ እነሱ ግን እዛ ውስጥ የሉም፣ በዚህም የተነሳ በየሌሊቱ ለከንቱ ይነቃሉ።» ይሄ ምሳሌ ነው፣ የእናንተ ብሎክ ሌላ ነገር ሊያወጣ ይችላል። መጀመሪያ ከመረጣችሁት «የግንዛቤ እጥረት» ጋር ግን አነጻጽሩት። የመጀመሪያው ውስጥ ሰው የለም። እዚህ ሰው አለ፣ ጉዳቱ አለ፣ ምክንያቱ አለ፣ ደግሞም ስህተት መሆኑ ሊታወቅ ይችላል። ተከራዮቹ ግሩፑ ውስጥ ካሉ ፈረሰ ማለት ነው።

«ለምን» እያላችሁ ወደ ታች መቆፈርም ጥሩ ነው። ከቶዮታ ፋብሪካ የወጣ አምስት ጊዜ ለምን የሚባል ዘዴ አለ። እኛ አገር ግን ይሄ ዘዴ አንድ አመል አለው፦ ሦስተኛው ለምን ላይ «መንግሥት» ወይም «ድህነት» ላይ ይደርሳል። የመሠረተ ልማት እጥረት እውነት ነው፤ ከተማው ወደ ዳር የሰፋበት ፍጥነትና የውሃ መስመሩ እኩል አልሄዱም። አራት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ግን ግድብ አይሠሩም። ስለዚህ እጃችሁ የሚደርስበት ደረጃ ላይ ቁሙ። ከዚያ በላይ ያለውን በአንድ አንቀጽ «ይሄ ከአቅማችን በላይ ነው» ብላችሁ ጻፉት። ዳኛ ይሄን ሲያነብ ያከብራችኋል እንጂ አይቀንስባችሁም።

ዓረፍተ ነገሩን ስትጨርሱ ለኤአይ ስጡትና «ይህን አፍርሰው» በሉት። «ጥሩ ነው ወይ?» አትበሉ። እነዚህ መሣሪያዎች ተጠቃሚውን ማስደሰት ይቀናቸዋል፣ ጎበዝ ናችሁ ብሎ ይሸኛችኋል። «በውስጡ የተደበቀ መፍትሔ አለ ወይ? ያላረጋገጥነው ግምት የቱ ነው? የተረሳው ሰው ማን ነው?» ብላችሁ አፋጡት። ለእኔ የኤአይ ትልቁ ጥቅም እዚህ ጋ ነው። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን መልሳችሁ ላነጋገራችኋቸው ሰዎች አንብቡላቸው። በጨዋነት «አዎ ልጆቼ፣ ጎበዞች» ካሏችሁ ገና ነው። «አይ እሱ እንኳ አይደለም፣ የሚያናድደኝ ምን መሰለህ…» ብለው ካረሟችሁ ግን እርማቱን ይዛችሁ ሩጡ፣ ችግሩ እሱ ነው።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። አፑን አሁኑኑ አቁሙ፤ የጻፋችሁትን ኮድ አታጥፉት፣ ግን አትንኩት። ጥያቄዎቻችሁን በኤአይ ካስፈተሻችሁ በኋላ የመጀመሪያውን ሳምንት ያለ ኤአይ ብሎኩ ውስጥ ሰው በማነጋገር አሳልፉ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ማስታወሻውን ከኤአይ ጋር አበጥሩ፣ ሁለት ወይም ሦስት የችግር ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ወደ ሰዎቹ ተመለሱ፣ አንዱን አስቀሩ። በሦስተኛው ሳምንት ብቻ ስለ መፍትሔ አስቡ፣ ቢያንስ አንዱ መፍትሔ ስልክ የማያስፈልገው ይሁን። ደረጃ ግርጌ የሚሰቀል ሰሌዳ ሊሆን ይችላል፣ ጥበቃው የሚደውለው ደወል ሊሆን ይችላል፣ ተከራዮችን ግሩፑ ውስጥ ማስገባት ብቻም ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው አንድ ብር አያስወጣም፣ ለውድድር ግን አያበራም ብላችሁ ትፈሩ ይሆናል። አትፍሩ፤ አቅርቡት። ከዚህ ሁሉ በኋላ አፕ ያስፈልጋል ከተባለ ደግሞ ኮዱ ያውላችሁ።

ለመምህራችሁም ነገ ሄዳችሁ ችግሩን ለመለየት ከሦስት ሳምንቱ ሁለቱን እንደምትሰጡ ንገሯቸው፣ ናሙናው ወረቀት ላይ የተሣለ ቢሆን ይቀበሉ እንደሆነም ጠይቋቸው። ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ የትኛውን መሣሪያ፣ ለምኑ እንደተጠቀማችሁ በሁለት በሦስት መስመር ጻፉ፤ የመጀመሪያዋን የአሥር ችግር ዝርዝርም ከማስታወሻዎቻችሁ ጎን አያይዙት።